ቁስሉ ሳይሽር፦ ጅማ ላይ የአካል ጉዳት አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደጄ ላይ የቆመ ሰው ካለ፣ ብዙውን ጊዜ እሁድ ማታ የተደበደበ ሰው ነው። ጅማ ውስጥ ማመልከቻ እየጻፍኩ መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው ከፍርድ ቤት ብዙም በማትርቅ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሦስት በርጩማ አለኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን የሰው በደል ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚቀርበት በየቀኑ አያለሁ።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት አንድ ወጣት መጣ። ግራ ክንዱን አበባ ባለው ሻርፕ ጠቅልሎታል። የእህቱ ሻርፕ ነው መሰለኝ።

«አዴ፣ አንድ ማመልከቻ ጻፊልኝ። ደብድቦኛል በይ» አለኝ።

«እስቲ መጀመሪያ ፍታው» አልኩት።

ሻርፑ ሲፈታ ከክርኑ ዝቅ ብሎ አራት ጣት የሚያህል ቁስል አለ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ የስለት። መሐሉ ግን ጥቁር ነው። የተፈጨ ቡና ነስንሰውበታል። ደሙ እንዲቆም ብለው ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

«በምንድን ነው የመታህ?»

«በገጀራ። ጭንቅላቴን ሊለኝ ሲል እጄን አነሳሁ።»

«ሐኪም አየህ?»

«ኧረ ገና።»

«የለበስከው ሸሚዝስ?»

«እናቴ አጠበችው።»

እናቱ ምን ታድርግ። ደም ያለበት ልብስ ቤት ውስጥ እንዲያድር የምትፈልግ እናት የለችም። ነገር ግን በአንድ ሌሊት ሁለት ማስረጃ ሄደ። ቁስሉ ትኩስ ሆኖ አልታየም፣ ሸሚዙም ታጠበ። ልጁ ያንን «ደብድቦኛል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ ቢሄድ ኖሮ፣ በገጀራ የተቆረጠ ክንድ ከጥፊ እኩል ሆኖ መዝገብ ላይ ይወርድ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሌሊት ነው።

ሕጉ «ድብደባ»ን እንዴት እንደሚከፍለው

የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ነው። ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። አገር አቀፍ ስለሆነ አዲስ አበባም ጅማም ያው ነው። እኛ በአንድ ቃል «ድብደባ» የምንለውን ይህ ሕግ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። የትኛው ላይ እንደምትወድቁ ማወቅ አለባችሁ። ቀሪው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ታችኛው የእጅ እልፊት ይባላል፣ አንቀጽ 560። ጥፊ፣ ግፊያ፣ ምልክቱ ቶሎ የሚጠፋ ቡጢ ነው። መበለዝ፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም እንደ አካል ጉዳት እንደማይቆጠሩ ሕጉ በግልጽ ይናገራል። ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ ነው። ከበድ ካለ እስከ ሦስት ወር ቀላል እስራት ይደርሳል። ዛሬ 300 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጉዳታችሁ ከዚህ በላይ ከሆነ ከዚህ በላይ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

መካከለኛው ቀላል የአካል ጉዳት ነው፣ አንቀጽ 556። «ቀላል» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። እናቶች «እንዴ፣ ጥርሱ ተሰብሮ ቀላል ይባላል?» ብለው ይቆጡኛል። ሕጉ ቀላል ያለው ከከባዱ ጋር አስተያይቶ ነው። አንቀጹ ሁለት ክፍል አለው፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ተራው ነው። በቡጢ ወይም በእርግጫ የደረሰ፣ ከከባዱ በታች የሆነ ጉዳት። የሚያስከስሰው ተበዳዩ ራሱ የግል አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሁለተኛው ክፍል የሚመጣው ሰውየው መርዝ፣ መሣሪያ ወይም ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሌላ ዕቃ ከተጠቀመ፣ ወይም የተጎዳው ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ከሆነ ነው። ያለበትን የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ጥሶ የጎዳም እዚሁ ይገባል። እዚህ ላይ ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ነው። ክሱም በተበዳዩ ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም፣ መንግሥት ራሱ ይዞት ይሄዳል።

«በምን ነው የመታህ?» ብዬ ደጋግሜ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ዱላ፣ ድንጋይ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የባጃጅ ክሪክ፣ ሁሉም ዕቃ ነው። ያ ዕቃ በቃላችሁ ውስጥ ካልተጠቀሰ ጉዳያችሁ አንድ ደረጃ ወርዶ ይመዘገባል።

ላይኛው ከባድ የአካል ጉዳት ነው፣ አንቀጽ 555። ሕይወትን አደጋ ላይ የጣለ፣ አካልን ወይም አእምሮን ለዘለቄታው የጎዳ፣ ዋና የሆነን የሰውነት ክፍል ያጎደለ ወይም ከሥራ ውጭ ያደረገ፣ መልክን በሚያስደነግጥ ሁኔታ ያበላሸ ጉዳት እዚህ ይገባል። በሌላ መንገድ የደረሰ ከባድ ጉዳት ወይም በሽታም እንደዚያው ነው። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ወይም ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ነው። ሰፊ ርቀት ነው። ዳኛው በዚያ ርቀት ውስጥ የት እንደሚቆም የሚረዳው ሐኪሙ የጻፈው ነው። የጉዳቱ ዓይነትና ክብደት ሲያጠራጥር ሕጉም የባለሙያ አስተያየት ይጠየቅ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ሊገድል አስቦ ከነበረ ነገሩ ከአካል ጉዳት አልፎ የመግደል ሙከራ ሊሆን ይችላል። ሐሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም። የተመታው የሰውነት ክፍል፣ የተያዘው መሣሪያ፣ ስንት ጊዜ እንደተሰነዘረና የተነገረው ቃል ናቸው የሚያሳዩት። «እገድልሃለሁ» ብሎ ከሆነ፣ «ዛተብኝ» ብላችሁ አታሳጥሩት። ያለውን ቃል እንዳለ፣ በተናገረበት ቋንቋ አስመዝግቡት።

የመጀመሪያው ቀን

ነፍስ ይቀድማል። ደም የሚፈስ ከሆነ፣ ጭንቅላት ከተመታ፣ ማስመለስ ወይም ማንቀላፋት ካለ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ፖሊስ ጣቢያው ይደርሳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እሱ ከዘገየ የሰፈር ባጃጅ አይጠፋም። ሆስፒታል ስትገቡ ግን አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ሰው መቶኝ ነው»። ብዙ ሰው በእፍረት ወይም በፍርሃት «ወድቄ ነው» ይላል። ካርዱ ላይ «ወድቆ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከሳምንት በኋላ የተከሳሽ ጠበቃ ያንኑ ካርድ አንስቶ ያነበዋል። ስንት ጉዳይ እዚያ ላይ ሲሰናከል አይቻለሁ።

ነፍስ የማያሰጋ ከሆነ በቅድሚያ ወደ ቅርባችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። አመልክታችሁ የሕክምና መጠየቂያ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ሆስፒታሉ ማስረጃውን ሞልቶ የሚመልሰው ለዚያ ደብዳቤ ነው። ፖሊስ ሰውነታችሁን በሐኪም የሚያስመረምረው በፈቃዳችሁ ነው። ለልጅ የሚፈቅደው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ልብሳችሁ የሸፈነውን ሁሉ አሳዩ። ሰው የሚያሳየው የሚያመውን ብቻ ነው። ፊቱን አሳይቶ ጀርባው ላይ ያለውን የዱላ ሰንበር ደብቆ ይመለሳል። ጆሯችሁ ከደነዘዘ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ጣታችሁ አልታጠፍ ካለ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ እነዚህ ናቸው ከቀላል ወደ ከባድ የሚያሻግሩት፣ ምክንያቱም ዘለቄታ ያለው ጉዳት ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪሙ «ከወር በኋላ ተመለስ» ካለ ተመለሱ። ክንዱን የተቆረጠው ልጅ ሁለት ጣቱ አልታጠፍ ብሎት እንደነበር የነገረኝ ማመልከቻውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው! እንደገና ጻፍኩት።

ቁስሉን በስልክ ፎቶ አንሱ። አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ደግሞ ፊታችሁ አብሮ እንዲታይ ከራቅ ብላችሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ድገሙት፤ የበለዘ ሰውነት ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው። ልብሱን አትጠቡ። ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት ወይም በጋዜጣ ጠቅልሉት። ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁት እርጥበቱ ያበሰብሰዋል። ዱላው ወይም ቢላዋው ቦታው ላይ ከቀረ አታንሱት። ለፖሊስ ጠቁሙ።

ቃል አሰጣጥ

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፣ እንጀራዬ ስለሆነ።

ሰዎች ይዘውልኝ የሚመጡት ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «ግለሰቡ በቂም በቀል ተነሳስቶ ከፍተኛ ድብደባ ስለፈጸመብኝ ሕጋዊ እርምጃ ይወሰድልኝ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ትልልቅ ቃላት አሉት፣ ፍሬ ነገር ግን የለውም። መርማሪው ከዚህ ውስጥ ምን ይዞ ምስክር ይጠይቅ?

ለዚያ ልጅ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «እሁድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ ከአወቱ ድልድይ ወዲህ ባለው ሱቅ ፊት ለፊት አስቆመኝ። የሱቁ መብራት በርቶ ነበር። በቀኝ እጁ ገጀራ ይዟል። ‹ያንን ብር ዛሬ ትሰጠኛለህ› አለኝ። የለኝም ስለው ገጀራውን ወደ ጭንቅላቴ ሰነዘረ። ግራ እጄን ሳነሳ ከክርኔ በታች ቆረጠኝ። አንድ ጊዜ ነው የመታኝ። ባለሱቁና ዳቦ ሊገዛ የመጣ አንድ ልጅ ጮኹ። እሱ ወደ ድልድዩ ሮጠ።» ስድብ የለውም፣ ምሬት የለውም። መብራቱ አለ፣ እጁ አለ፣ ቃሉ አለ፣ ምስክሩ አለ።

«አንድ ጊዜ ነው የመታኝ» የሚለውን ልጁ እንዲወጣለት ፈልጎ ነበር። «ሦስት ጊዜ በይ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ቁስሉ አንድ ነው። ሐኪሙ አንድ ብሎ ይጽፋል፣ ምስክር አንድ ይላል። ሁለት ምት ስትጨምሩ እውነተኛውንም ምት አብራችሁ ታጠራጥራላችሁ። እናንተም መትታችሁ ከሆነ እንደዚያው ተናገሩ። ሕጉ መከላከልን ያውቃል፣ አንቀጽ 78። ጥቃቱ ሕገወጥና የማይቀር ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ካልተቻለ፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ አያስቀጣም። «አልነካሁትም» ብላችሁ ሰውየው የተነከሰ ጣቱን ይዞ ሲመጣ ግን የሚያምናችሁ አይኖርም።

ቋንቋው ሌላ ነገር ነው። ጅማ ላይ ፖሊስም ፍርድ ቤትም የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ብቻ የምትናገሩ ከሆነ ቃላችሁ ተተርጉሞ ነው የሚጻፈው። «ወጋኝ» ያላችሁት «ዋራኔ» ሆኖ መውጣት አለበት። «ቆረጠኝ» ካላችሁ «ሙሬ» ነው። ሁለቱም «ሩኩቴ» ማለትም «መታ» ተብለው ከተጻፉ ስለቱ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። በቃል ያቀረባችሁት አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተነቦላችሁ፣ ከዚያ ነው የምትፈርሙት። ሥርዓቱ እንደዚያ ይላል። በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ካልገባችሁ አትፈርሙ። ጨዋ ሆናችሁ «እባክዎ፣ ይህቺን አንድ ቃል እንደገና ይዩልኝ» በሉ። ተከሳሽ የሆነ ሰው ደግሞ ችሎቱ የሚካሄድበት ቋንቋ የማይገባው ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ይፈቅድለታል።

ከጣቢያው ከመውጣታችሁ በፊት የመዝገቡን ቁጥርና ጉዳዩን የያዘውን መርማሪ ስም ጻፉ። ያለ ቁጥር ስትመለሱ ቀኑ በፍለጋ ያልቃል።

ሦስት ወር

ወንድሜን ነው የምነግራችሁ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። አብሮት ከሚሠራ ሰው ጋር በሒሳብ ተጣሉና ሰውየው በቡጢ አፉን መታው። የፊት ጥርሱ ግማሹ ተሰበረ። ዱላም ድንጋይም አልነበረም፣ እጅ ብቻ። ሽማግሌዎች መጡ። የምናከብራቸው ሰዎች ናቸው። «ልጆቻችን ናቸው፣ ጣቢያ ምን ያደርግላችኋል» አሉ። አባቴ እሺ አለ። አንድ ቀጠሮ ያዙ፣ ሰውየው ቀረ። ሌላ ያዙ፣ ለቅሶ መጣ። ሦስተኛው ላይ የጥርሱን ማሠሪያ እከፍላለሁ አለ፣ ግማሹን እንኳን አልከፈለም። አራተኛው ወር ላይ ወንድሜ ተናዶ ጣቢያ ሄደ። የግል አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው፣ የአንተ አልፏል፣ አሉት። ትክክል ነበሩ። እኔ የሰው ማመልከቻ የምጽፈው እህቱ ነኝ፤ «ሽማግሌ ይዞታል» ብዬ ዝም ብያለሁ። ዛሬም ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል።

ሽምግልናን አልቃወምም። ጅማ ያለ ጃርሱማ፣ ያለ ሽማግሌ እርቅ፣ አትኖርም። ጉማ፣ የደም ካሳ፣ የከፈሉ ቤተሰቦች ዛሬ ልጆቻቸውን እርስ በርስ ሲድሩ አይቻለሁ። በኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ታውቀዋል። ግን አቤቱታችሁን አስመዝግባችሁ ተሸማገሉ። ሽማግሌ ሲሰበሰብ ቀኑ አይቆምም። አቤቱታ ማስመዝገብ ደግሞ እርቅ አይከለክልም። እንዲያውም በቀጠሮ የሚቀርበው ሰው ቁጥር ይጨምራል።

ሌላኛውን ወገንም ስሙ። በስለት ወይም በዱላ የደረሰ ጉዳት፣ ከባድ ጉዳትም፣ በግል አቤቱታ ላይ የሚንጠለጠል አይደለም። ስለዚህ «ታርቀናል» ብላችሁ መዝገቡን መዝጋት አትችሉም። እርቁ ግን በከንቱ አይቀርም። አጥፊው ከልቡ ተጸጽቶ ጉዳቱን ከካሰ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ያደርግለታል። ለሽማግሌዎች ይህን ንገሯቸው፣ ካሳውን በጊዜ ለማስከፈል ይረዳቸዋል።

ቤት ውስጥ ሲሆን

ሴቶች በብዛት የሚመጡት ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ደርሰው የሚመለሱ መስለው ነው። ዘንቢላቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወሩኛል። ከዚያ ነጠላቸውን ገለጥ ያደርጋሉ።

እህቴ፣ ባል ሲመታ የሚሠራ የተለየ፣ ለስለስ ያለ ሕግ የለም። አንቀጽ 564 የአካል ጉዳት ድንጋጌዎቹ ሁሉ በትዳር አጋር ላይ ጥቃት ለሚያደርስም ይሠራሉ ይላል። ያለ ጋብቻ አብሮ ለሚኖርም እንደዚያው ነው። «ሚስቴ ናት» የሚለው መልስ መከላከያ አይሆንም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 23 በመቶዎቹ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ከአራት አንድ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ሆድ ይፍጀው ብሎ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ በዚህ ገምቱ።

ለመክሰስ ባትወስኚም ሐኪም ይይሽ፣ እውነቱንም ንገሪ። ካርዱ ይቆያል። የምታምኚያት አንዲት ጎረቤት ቁስሉን ትየው። ፎቶው በራስሽ ስልክ ብቻ አይቀመጥ፣ ለእህትሽ ላኪላት። ሦስት ወሩ ግን አንቺም ላይ እንደሚቆጠር አትርሺ። ዕቃ ይዞ ከሆነ የመታሽ ደግሞ አስቀድሜ ያልኩት ነው፣ ጉዳዩ በግል አቤቱታ ላይ አይንጠለጠልም።

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ብዙ ጊዜም በዋስ ይወጣል። «ገንዘብ ከፍሎ ወጣ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ዋስትና መብቱ ነው፣ ክሱ አልቀረም። ተጎጂው የመሞት አደጋ ላይ ከሆነ ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉ ዋስትናን ይከለክላል። ስለዚህ በሽተኛችሁ ከባሰበት ለመርማሪው ወዲያው አሳውቁ።

ካሳ የምትፈልጉ ከሆነ ማመልከት አለባችሁ። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ የቀን ሥራ፣ የባጃጅ ሒሳብ ሳይቀር ደረሰኙን አስቀምጡ። ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይቻላል፤ ለብቻው በፍትሐ ብሔርም ይቀርባል። የፍትሐ ብሔሩ ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ነው። ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ረጅሙ ይያዛል።

ቁጥር ስትሰሙ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ቀን ደውሎ «እዚህ ከባድ ጥቃት በዝቷል፣ እናንተ ጋ ስንት ነው?» አለኝ። ሊያስተያይ ነው። ማስተያየት ግን አይቻልም፣ የሚቆጠረው ነገር አንድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤፍቢአይ ከባድ ጥቃት ብሎ የሚቆጥረው ከባድ ጉዳት ለማድረስ የተፈጸመን ጥቃት ነው፣ ሙከራውም ይቆጠራል። ተተኩሶ የሳተ ጥይት እዚያ ቁጥር ውስጥ ይገባል። የሜሪላንድ ሕግ ራሱ ጥቃትን አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ይከፍላል። አንደኛው እስከ 25 ዓመት፣ ሁለተኛው እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። በጠመንጃ ወይም በሽጉጥ ከሆነ ማንም ባይቆስል እንኳን አንደኛ ደረጃ ይሆናል። እኛ ጋ ደግሞ ከባድ የሚያሰኘው ከሁሉ በፊት የደረሰው ጉዳት ነው።

የራሳችንንም ቁጥር በጥንቃቄ ስሙ። «ድብደባ ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ስትሰሙ፣ የቀነሰው ድብደባው ነው ወይስ አቤቱታው ብላችሁ ጠይቁ። የወንድሜ ጥርስ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ ከባዱና ቀላሉ ተለይቶ ነው ወይስ ተደምሮ? ሦስተኛ፣ ለስንት ሰው ተካፍሎ? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ጅማ ከተማ ያኔ 120,960 ነዋሪ ነበራት። ለምሳሌ ያህል በዓመት 120 ጉዳት ተመዘገበ እንበል። በዚያ ሕዝብ ቁጥር ስናካፍለው ከ100,000 ሰው ወደ 99 ይመጣል። ሕዝቡ በእጥፍ አድጎ ከሆነ ደግሞ ወደ 50 ይወርዳል። አንድም ሰው ከመደበደብ ሳይተርፍ፣ ከተማችን በወረቀት ላይ ግማሽ ሰላም አገኘች ማለት ነው።

ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ ስትመጡ መታወቂያችሁን፣ የሐኪም ካርዱንና የምስክሮችን ስልክ ያዙ። ፎቶው ያለበትን ስልክ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ሰኞ ሰልፍ ስላለ በጠዋት ብትደርሱ ጥሩ ነው። ቁስሉን በሻርፕ ሸፍናችሁ ከሆነም፣ ቡናውን አትፈቅፍቁት። ሐኪሙ ራሱ ያጥበዋል።